ከኋላ መቀመጫ ሥር

"በቃ! ዝጋው!" ብሎ ጮኸ ተሜ። የቦቴው ሾፌር አልሰማውም። ውሃው ከቱቦው እየተንደቀደቀ አሮጌ ጎማዎች ላይ በተቀመጠችው ጀልባ ውስጥ መውረዱን ቀጠለ፤ ጠርዟን አልፎም ፈሰሰ። የሺጥላ ሄዶ ቧንቧውን ራሱ ዘጋው። ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች በሰበሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሾፌሩ ልክ ልኩን ይነግረው ነበር። ሚስቱን እናትአለምን ከቀበረ ወዲህ ግን የሚያናድደው ነገር ጠፍቷል። የሚያስቀው የለም፣ ምግብም አይጣፍጠውም፤ ብቻ ሲነጋ ይነሳና ወደ ሥራው ይገባል።

በግቢው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ኻድራ ባዶ ጀሪካኖች ይዛ መጣች።

"ያ አላህ! እኛ የጋሪ ውሃ ስንለምን እናንተ ጀልባ ታጠጣላችሁ? ጀልባዋ ናት ውሃ ውስጥ የምትገባው፣ ወይስ ውሃው ነው ጀልባዋ ውስጥ?"

"ጅጅጋ ውስጥ ወንዝ አሳዪኝና አሁኑኑ ልክተታት" አላት ተሜ።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። የሸበሌ ወንዝ ሞልቶ ታች ቆላ ያሉትን መንደሮች ከቧቸዋል፤ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው ያለው ይባላል። የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቱ ያለው ጀልባ ይኸው አንድ ብቻ ነው። ትናንት ነጂው ተሜ ከከተማ ውጭ ያለ ኩሬ ላይ ቢሞክራት፣ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። የሚጭናት መኪና ዛሬ ከቀትር በኋላ ይነሳል፤ ሽንቁሩ ካልተገኘ ድንኳን ብቻ ጭኖ ይሄዳል። የግቢው መካኒክ የሺጥላ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። ከውጭ የታጣ ሽንቁር፣ ውስጧን ሞልቶ ከሥር በማየት እንደሚገኝ ያውቃል።

ጀርባውን ለመሬቱ ሰጥቶ ጀልባዋ ሥር ገባ። ሆዷ ዙሪያውን ይንጠባጠባል። በጨርቅ ጠረገው፤ ተመልሶ ረጠበ። ውሃ ከአንዱ ቦታ ወጥቶ፣ ብረቱን ተከትሎ ሄዶ፣ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው።

"ኻድራ፣ ከምድጃሽ አመድ አምጪልኝ።"

"ደግሞ አመድ! ቀጥሎ ቅመም ትሉኝ ይሆናል" አለች፤ ግን በቆርቆሮ ሞልታ አመጣችለት።

ሆዷን በሙሉ ጠርጎ አመዱን ቀባው፤ ከዚያ ዝም ብሎ ተጋደመ። ቀስ እያለች አንዲት ጥቁር መስመር አመዱ ላይ ታየች። በጣቱ ወደ ኋላ ተከተላት። ከኋላው መቀመጫ ሥር፣ ሽምብራ የምታክል ሽንቁር አገኘ። ግማሹን ቅጠልና ጭቃ ደፍኖታል።

"ተገኘ" አለ፤ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው።

ተሜ ተንደርድሮ ገባና ዳሰሰው። "ይኼ ዝገት አይደለም፣ ጋሽ የሺጥላ! ምስማር ነው። ጠርዙ ወደ ውጭ ተቀልብሷል፤ ከውስጥ ሆኖ የመታው ሰው አለ። አዴር ጌዲ! ግቢውን የሚጠብቁት እርስዎ አይደሉ? ማነው ይህን ያደረገው?"

ግቢው ሁሉ በሶማሊኛ "አዴር"፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ሽማግሌው ዘበኛ ጌዲ ቀረብ አሉ። ተሜን አላዩትም፤ የሺጥላን ነው ያዩት።

"ተሜ፣ ሂድ ሻይ ጠጣ" አሉ።

"ሰው እየሰመጠ ሻይ?"

"ሂድ አልኩህ።"

ተሜ እያጉረመረመ ከኻድራ ጋር ሄደ። ሽማግሌው ቁጢጥ አሉ።

"ባልነግርህ ይሻለኝ ነበር፤ ወላሂ። እናትአለም ናት።"

የሺጥላ ከጀልባዋ ሥር አልወጣም።

"መቼ?"

"አንተ መስክ ወጥተህ ሳለ። የጎረቤታችሁን ልጅ ትኩሳት የያዛት ሰሞን። ጀልባዋ የክረምቱን ዝናብ ይዛ ቢምቢ ይፈላባት ነበር። መዶሻና ምስማር ከሣጥንህ አምጥታ ውስጧ ገባች። 'ተይ ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት ነው' አልኳት። 'ቢምቢውስ የመንግሥት ነው እንዴ፣ አዴር?' አለችኝ።"

አነጋገሯ ራሱ ነው። ጀልባዋ የቆመችው እዚያው ግቢ ካለው ቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት ነበር። እናትአለም ማታ ማታ "ይቺን ውሃ ድፉልኝ" ትለው ነበር። እሱም "አራት ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ሳገኝ እንገለብጣታለን" ይላል። ሰው የሞላበት ግቢ ውስጥ አራት ሰው አጣ። ከመስክ ሲመለስ ጀልባዋ ደርቃለች። ፀሐይ ያደረቃት መስሎት፣ እንዲያውም ሥራ ቀለለልኝ ብሎ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ እናትአለም በትኩሳት ተኛች፤ አልተነሳችም። የቱ ቢምቢ እንደነከሳት የሚያውቅ የለም።

ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ ቅጠልና ጭቃውን ወጋው። ውሃው ጣት እያከለ ቀጥ ብሎ ወረደ። ኻድራ ተመልሳ፣ ለፍየሎቼ ይሆናል ብላ ጀሪካኖቿን በተራ ደቀነች። የሺጥላ ከሥር ወጥቶ የጀልባዋን ጠርዝ ተደግፎ አየው። ውሃው ከየማዕዘኑ ወደዚያች ነጥብ እየተሰበሰበ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ኩባያ እንኳ አልቀረም። ዝም ብላ አልነበረም የመታችው፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጋ ነው።

"ጎበዝ ነበረች" አለ። ሐዘኑ ከቀብሩ ወዲህ ገና አሁን ተሰማው።

"በጣም እንጂ" አሉ አዴር ጌዲ።

ተሜ ሰዓቱን እያየ ተመለሰ። "የሚበይደውን ልጅ ልጥራው?"

የሺጥላ ወደ ጀልባዋ ጀርባ ተመለከተ። ከፋብሪካ የመጣችበት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ቡሹ ስለጠፋ ከዓመታት በፊት በብየዳ ተደፍኗል።

"አትጥራው" አለ።

ሽንቁሩን በመሰርሰሪያ አሰፋው፤ ጠርዙን ሞረደ። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ሁለት ክብ ላስቲክ ቆርጦ፣ ከውስጥና ከውጭ ሽንቁሩ ላይ በአንድ ወፍራም ቡሎን አጣብቆ ዳዶውን አጠበቀ። ከዚያ አንድ ጀሪካን ከኻድራ ተበድሮ ውስጧ ደፋና አዲስ አመድ ቀባ። አመዱ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ጠበቃቸው። ጀልባዋን ጭነው ሲያስሩ ተሜ ጠየቀ፦

"ምን አለ አንዴ ብትደፍነው፣ ጋሽ የሺጥላ?"

"ውሃ ላይ ሳለች አታስገባም። የብስ ስታወጣት ግን ፍታው።"

"ብረሳውስ?"

የሺጥላ ከራሱ ሣጥን ለቡሎኑ ልክ የሆነውን መፍቻ ቁልፍ አወጣ፤ ከዝዋይ ይዞት የመጣውን። መኪናው ላይ ወጥቶ ከጀልባዋ የኋላ መቀመጫ ጋር በሽቦ አሰረው፤ ሳብ አድርጎ ሞከረው።

"አራት ሰው አይፈልግም፤ አንተ ብቻህን ትችላለህ" አለው። "አንድ ሌሊት እንኳ ውሃ ውስጧ አታሳድር።"