ለራስ ምታት ነው ያለው መድኃኒት

"ቀበቶህን አላሰርክም" አለው የሥራ ባልደረባው ሬዲዮ።

አሳንሰር ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ወገቡን አየ። የደህንነት ቀበቶው መንጠቆ እንደተንጠለጠለ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል በቆመ አሳንሰር ጣሪያ ላይ ናቸው፤ ከእግራቸው ሥር እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ጨለማ አለ። በሃያ ዓመት ሥራው ቀበቶ ሳያስር ወጥቶ አያውቅም። መንጠቆውን ሊያስገባ ሲሞክር ኤሌክትሪክ የነካው ይመስል ጭንቅላቱን አንዳች ነገር ነዘረውና ግድግዳውን ያዘ።

 ሬዲዮ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ከጠዋት እስከ ማታ አፉን ስለማይዘጋ ነው። አሁን ግን ወሬውን አቋርጦ መንጠቆውን ራሱ አሰረለትና ደግፎ ወደ ኮሪደሩ አወጣው።

"ምን ሆነሃል? ሰሞኑን ልክ አይደለህም።"

"እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"እሱን ለሚስትህ ንገራት። ለእኔ እውነቱን አውጣ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጠጋኙ ዓይኑን ከወለሉ ሳይነቅል ተናገረ። ታላቅ ወንድሙ የሞተ ጊዜ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የድብርት መድኃኒት ታዞለት ነበር። ሚስቱን "ለራስ ምታት ነው" አላት። መድኃኒቱ አነሳው፤ ሥራ ገባ፣ እህል ቀመሰ፣ መሳቅም ጀመረ። ሌላው ነገር ግን ጠፋ። ሚስቱ እጇን ስታሳርፍበት ገላው የራሱ አይመስለውም። መጀመሪያ ድካም ነው አለ። ቀጥሎ እሷ ሳትመጣ ቀድሞ መተኛት ጀመረ። ኋላ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ለመደች። ከሦስት ሳምንት በፊት ማንንም ሳያማክር ኪኒኑን አቆመ።

"ታዲያ ተመለሰልህ?"

"የተመለሰው ድብርቱ ነው።"

ሬዲዮ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ተወው። "እኔም ስኳር የያዘኝ ጊዜ እንደዚያው ሆኜ ነበር" አለ። "እንዲህ የምለፈልፈው ሰውዬ ለአንድ ሰው አልተነፈስኩም። ተነስ፣ ዛሬውኑ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ። ይሄን አሳንሰር እኔ እጨርሰዋለሁ።"

ሐኪሟ በዕድሜ ከታናሽ እህቱ የማትበልጥ ሴት ናት። ወገቡን እንደሚያመውና ጭንቅላቱን እንደሚነዝረው መናገር ጀመረ። ትንሽ ከሰማችው በኋላ ብዕሯን አስቀመጠች።

"መድኃኒቱን አቁመዋል እንዴ?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ለሚስትዎ ያለዎት ፍላጎት ቀንሶ ነው?"

ጆሮው ጋለ። "ጠፍቶ ነው" አለ።

"ሳዝልዎ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው። መድኃኒቱ ይህን የሚያደርግባቸው ወንዶች ብዙ ናቸው። ሐዘኑም፣ ድብርቱ ራሱም ያደርገዋል። ስለዚህ ሁሉንም በኪኒኑ ሳናሳብብ የሆርሞንና የስኳር ምርመራ እናድርግ። የሚነዝርዎ በድንገት ስላቆሙት ነው። አሁን በግማሹ እንጀምር። ካልተስማማዎት ፍላጎትን እምብዛም የማይነካ ሌላ መድኃኒት አለ። ብቻ በራስዎ አያቁሙ፤ ሰው የሚነግርዎትን ማነቃቂያም ገዝተው አይዋጡ። ለጊዜው ከፍታ ላይ አይውጡ።"

"ይመለሳል?"

"አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሐሙስ ለውጤቱ ሲመጡ ባለቤትዎ አብረዎት ቢሆኑ ጥሩ ነበር። እሳቸው ያውቃሉ?"

ማዘዣውን ተቀብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ።

ቤት ሲደርስ ገና አስር ሰዓት አልሆነም። ሚስቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቀድማው ገብታ ሶፋው ላይ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች።

"ምነው በጊዜ?" አለች ቀና ሳትል።

የመድኃኒቱን ካርቶን ከኪሱ አውጥቶ ከልብሱ ላይ አኖረላት። "ይሄ የራስ ምታት አይደለም።"

መነጽሯን አደረገች። ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘርግታ፣ ቢሮ ፋይል እንደምታነበው፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ከተዘረዘሩበት አንዱ መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዓመት ሊሞላ ነው።"

"ዓመት" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ ስልክህን ፈትሻለሁ። ምንም ሳጣ ደግሞ፣ እንግዲያው አስጠልቼዋለሁ አልኩ።"

"አንቺማ ምን አደረግሽ።"

"ካልነገርከኝ በምን ልወቅ? ወንድምህን አብሬህ ቀብሬያለሁ። ለዚህ ነው የማልሆንህ?"

 የታጠፈውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። እሱ ውሃ ቀድቶ መጣና ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እዚያው ፊቷ ቆሞ ዋጠ። እስኪጨርስ አየችው።

"ቀጠሮህ መቼ ነው?"

"ሐሙስ።"

"አብሬህ እሄዳለሁ።"

"አያስፈልግም" ሊል አፉን ከፈተ። ዓመቱን ሙሉ ምንም ብትለው ሲመልስላት የኖረው ይህችኑ ነበር። የልብሱን ክምር ገፋ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሦስት ሰዓት ላይ ነው" አላት። "ከሥራ አስፈቅጂ።"