ሁለት ካርድ በአንድ ኪስ

ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አገኘ። ገንዘቡ ደግሞ ዝም ብሎ ገንዘብ አይደለም፤ ስም ያለው ገንዘብ ነው፦ «ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች የመጡ ተማሪዎችን በሕዝብ ጥቅም ቴክኖሎጂ ማሠልጠኛ»። ይህን ስም ባንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው የፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ ዶክተሩ፣ ብቻ ነበር። ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። የድሃ ልጅ፣ የገጠር ልጅ፣ ማየት የተሳነው፣ በክራንች የሚሄድ፣ ብቻ እስከ ዛሬ የኮምፒዩተር ክፍሉን በመስኮት ያየ ሁሉ ይግባ፤ ገብቶም ለራሱ ኪስ ሳይሆን ለሕዝብ የሚበጅ ነገር ይሥራ ነው የሚለው። መልካም ነው፤ ማን ክፉ ነው አለ?

መስታወት ይህን ወሬ የሰማችው የቴክኖሎጂ ሕንፃውን አራተኛ ፎቅ ስትወለውል ነው። መስታወት አባቷ ያወጣላት ስም አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ ያለፈችበት ወለል ላይ ሰው ፊቱን አይቶ ፀጉሩን ማበጠር ይችላል ተብሎ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ስሙን ሲጠሩት አልሰማሁም ብላ ሁለቴ ታስጠራቸዋለች። ደሞዟ ትንሽ ነው፣ ቤቷ ጠባብ ነው፣ ባሏ ከሞተ ቆየ፤ ስሟ ግን ሙሉ ነበር።

ልጇ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለፕሮግራሙ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ እናትየው «እናትሽ ምን ትሠራለች ካሉሽ የመንግሥት ሠራተኛ በያቸው፤ ውሸትም አይደለም» ብላ መክራት ነበር። ልጅት ግን ፊታቸው ቆማ «የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እዚሁ፣ እናንተ የተቀመጣችሁበት ፎቅ ላይ» አለቻቸው። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀምጦ «ግሩም!» አለ። እናቴ ወለል ትወለውላለች ያለ ሰው «ግሩም» ሲባል በዚያ ሕንፃ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ልጅትን ተቀበሏት። ዶክተሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወትን ኮሪደር ላይ ሲያገኛት እየቆመ ሰላም ይላት ጀመር፤ የሚቆመው ግን እንደ ድሮው ገና ያልደረቀው ወለል ላይ ነው።

ፕሮግራሙ አንድ ግዴታ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ በቅርቡ ያለ አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ችግሩን የሚፈታለት ሥራ ሠርቶ ማቅረብ አለበት፤ ሥራው ያልተሳካለት ይወጣል። ልጅት ሩቅ አልሄደችም፤ የእናቷን ባልደረቦች መረጠች። እንደ መታወቂያ ያለ ካርድ ሠርታ ለእያንዳንዷ የጽዳት ሠራተኛ ሰጠች፤ በየፎቁ በር ላይም አንባቢ መሣሪያ ሰቀለች። ሠራተኛዋ ስትገባና ስትወጣ መሣሪያው ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል። እናቷ በእርጥብ እጅ እንዳትቸገር ብላም ካርዱን ከኪስ ሳይወጣ እንዲያነበው አደረገችው።

«እማዬ፣ አንድ ፎቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቁጥሩ ሲናገር ሰው ይጨምሩላችኋል። እናንተ ስትናገሩማ ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«ምን ይታወቃል፣ ቁጥር ትልቅ ሰው ነው፤ እሱንስ ይሰሙት ይሆናል» አለች እናትየው፤ ውስጧ ግን በደስታ ሊፈነዳ ነው።

ደስታው ካርዶቹ እስኪታደሉ ድረስ ነው የቆየው። ለምን ቢሉ፣ የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ወገብ አለች። እትዬ ወገብ፣ ስሟም እንደሚናገረው፣ ወገቧ ታሞ ከጎንበስ ቀና ከተሰናበተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ጡረታዋን ለማግኘት ዘጠኝ ወር ቀርቷታል፤ ከዚያ በፊት ካባረሯት ጡረታ የሚባል ነገር የለም፣ ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሥራውን ተከፋፈሉት። እትዬ ወገብ ምድር ቤት ዕቃ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሁሉንም ፎቅ መወልወያ ጨርቅ ታጥባለች፤ መስታወት ደግሞ የራሷን አራተኛ ፎቅ ስትጨርስ ወርዳ ሁለተኛውን ታጸዳለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ይህን ከነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለልጇ እንኳ አልነገረቻትም፤ ልጅት ካወቀች መጻፍ ሊኖርባት ነው፣ ከጻፈች ደግሞ አለቀ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መስታወት አሰበችና ቀላሉን አደረገች። የራሷንም የእትዬ ወገብንም ካርድ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አብራ ከተተቻቸው። ሁለት ካርድ ከታየ ሁለት ሰው ሠርቷል ነው ስሌቷ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን ካርዶች ከፎቅ ፎቅ ይዛ ስትወጣ ስትወርድ፣ ማታ ማታ ልጇን «ማሽንሽ ደህና ነው?» እያለች ትጠይቃት ነበር።

«ጎበዝ ነው፣ እማዬ።»

«ጎበዝ ያድርገው» ትላለች መስታወት።

ውጤቱ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ገንዘቡን ከሰጠው ድርጅት አንዲት እንግዳ መጣች። የጽዳት ሠራተኞቹ አዲስ የደንብ ልብስ ታደላቸውና «ኅብረተሰቡ» ተብለው የአዳራሹ ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ። አሥራ ሰባት ዓመት «አንቺ!» እያለ ሲጠራት የኖረው የአስተዳደር ኃላፊ ወንበር ስቦ «እናታችን፣ እዚህ ይቀመጡ» አላት። መስታወት ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

ልጅት ወጥታ ተናገረች። እንዴት አድርጋ ተናገረች! የትኛው ፎቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ሴቶቹን ጠይቃም የት ውሃ እንደሚጠፋ፣ የት ሳሙና እንደሌለ አንድ በአንድ አስረዳች። መስታወት ካጠገቧ ያለችውን ሴት ጭን በደስታ በጥፊ አጮለችው። ጭብጨባው ሳያበቃ ዶክተሩ ተነሣ። ጠዋት መረጃውን ሲያገላብጥ አንድ ግኝት አግኝቷል፤ ለተማሪዋ ሳይነግራት መጨረሻው ላይ ጨምሮበታል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች ታዩ።

«እነዚህ ሁለት ሠራተኞች በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ተለያይተው አያውቁም» አለ ዶክተሩ። «እኩል ይገባሉ፣ እኩል ይወጣሉ። የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት እየሠሩ ነው ማለት ነው። አንደኛዋ ትርፍ ናት!»

የአስተዳደር ኃላፊው እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር አልጻፈም ነበር። ይህንን ጻፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዝርዝሩን አየና «አንደኛዋ የሁለተኛ ፎቋ ናት። በሕመም ፈቃድ የምታስቸግረን እሷው ናት፤ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ።

ልጅት ነጥቦቹን አየች፣ እናቷን አየች፣ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እትዬ ወገብ ልጅትን በሕፃንነቷ ያዘለቻት ሴት ናት።

መስታወት ሳታስበው ብድግ አለች። «አይደለም! ሁለት ሰው የአንድ ሰው ሥራ አልሠራም። አንድ ሰው ነው የሁለት ሰው ሥራ የሠራው። ሁለቱም ካርድ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር!»

እውነቱ ወጣ፣ ተገላገልን ብላ ልትቀመጥ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ይኸኛው ንጋት ግን ወደ ኋላ መጨለም ጀመረ።

«ታዲያ ሁለቱን ፎቅ አንድ ሰው ይችለዋል ማለት ነዋ!» አለ የአስተዳደር ኃላፊው ፊቱ በርቶ።

«ግኝቱ በራሱ በኅብረተሰቡ አንደበት ተረጋገጠ!» አለ ዶክተሩ፤ ከኋላ ጭብጨባ ተጀመረ።

ወይ ጉድ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ረድፉ ጫፍ ላይ እትዬ ወገብ አንገቷን ደፍታ አዲሱን የደንብ ልብስ በጣቷ ትዳብሳለች፤ ዛሬውኑ አውልቂ የምትባል መስሏታል። ዘጠኝ ወር! መስታወት እሷን የምታድንበት አንድ ነገር ፈለገች፤ ከራሷ በቀር የሚሰጥ ነገር አላገኘችም።

«ይችለዋል አላልኩም፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ። «ካርዱ ዞረ እንጂ ፎቁ አልጸዳም።»

«እንዴት ማለት?»

«እሷን ዕቃ ቤት አስቀምጬ የሁሉንም ፎቅ ጨርቅ የማሳጥባት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጇ ከውሃ አይወጣም፤ ያንቺን ፎቅ እኔ እሠራዋለሁ ብዬ ካርዷንም ወሰድኩባት። ከዚያ ሁለቱም ጋ ውሃ አርከፈክፍና እወጣለሁ። ለአንድ ሰው ከአቅም በላይ ነው፤ ምን ላድርግ?»

«ኧረ ምን ትላለች ይቺ!» ብላ እትዬ ወገብ ልትነሣ ስትታገል፣ መስታወት ዞር አለችና «ዝም በይ አንቺ! ጨርቅሽን እጠቢ!» ብላ ጮኸችባት።

ይህን ጊዜ እንግዳዋ እጇን አወጣች፤ ፊቷ ላይ ደግነት ይነበባል። «ይቅርታ፣ እኔ ግን ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር። እንደዚያ የጸዳ ቤት የትም አገር አላየሁም።»

ሌላ ቀን ቢሆን መስታወት ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትተርከው በኖረች ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋን ማነቅ አማራት።

«እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነዋ፣ እመቤቴ!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአስተዳደር ኃላፊው ያለምንም ምርመራ አመናት። ለምን አያምን? እሱ ራሱ ጠዋት የቤተ ሙከራውን መጋረጃ ያሰቀለ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይም ከጎረቤት ትምህርት ክፍል የተዋሳቸውን ኮምፒዩተሮች ያስደረደረ ሰው ነው።

ዶክተሩ ወደ ልጅት ዞረ። «መረጃው ይህን ያሳያል?»

ልጅት እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ቤታቸው ውስጥ ቁም ሳጥን እየተገፋ ሥሩ ይወለወላል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ካርዱ ደቂቃ ነው የሚቆጥረው» አለች። «ቆሻሻ አያይም።»

በዚህ ተዘጋ። ሲወጡ ልጅት ደረጃው ላይ የእናቷን ክንድ ያዘች። እያለቀሰች ነበር። «እማዬ፣ ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ነግሬያቸው አየሽ አይደል?» አለች እናትየው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ተፈቀደ። ልጅት በከፍተኛ ነጥብ አለፈች፤ ዶክተሩ በሪፖርቱ «ኅብረተሰቡ ራሱን በድፍረት የገመገመበት ሥራ» ብሎ ጻፈላት። እትዬ ወገብ ጨርቅ አጣቢ ተብላ በደብዳቤ ዕቃ ቤት ተመደበች፤ እስከ ጡረታዋ የሚነካት የለም። ለሁለተኛ ፎቅም አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረች። መስታወት ደግሞ «በሥራዋ ላይ ባሳየችው ከፍተኛ ቸልተኝነት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ግልባጩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያን ቀን ዕቃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከልቧ አለቀሰች። ጓደኞቿም እውነቱን እያወቁ፣ ሰው ባለበት መስታወት ብለው ለመጥራት አፈሩ።

አዲሷ ሠራተኛ ሥራ የጀመረች ዕለት የአስተዳደር ኃላፊው ሕንፃውን እያዞረ አሳያት። ደረጃው ላይ ጎንበስ ብላ የምትወለውለውን ሴት በአገጩ እያመለከተ አንድ ነገር ነገራትና ሄደ። አዲሷ ልጅ ባልዲዋን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ገባችና ከመሀል ጀምራ ትወለውል ጀመር፤ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። መስታወት በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ዝም ልትል ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ልጄ፣ ከጥግ ነው የሚጀመረው። ነይ ላሳይሽ።»

ልጅቷ መወልወያዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ በአክብሮት ነው የመለሰችላት።

«ይቅርታ እናቴ፣ ከእርስዎ እንዳልማር ተነግሮኛል።»

«ይሁን፣ ልጄ» አለች። ባልዲዋን አነሣችና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች።