ዘፈኑ ሳይቋረጥ

እህቴ እታለም ከታመመች ወዲህ ምሳ መብላቷን እንኳ ትረሳለች። እናታችን ልብስ ስትሰፋ ታንጎራጉረው የነበረውን ያን ረጅም ዘፈን ግን ስንኝ በስንኝ ይዛዋለች። መጨረሻውን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ እስከ ግማሹ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነኝ። አንዴ ካቋረጠች ክሩ ይጠፋባታል፤ እንደገና ልጀምር ብትል ትንፋሿ አያደርሳትም። እየጎተትኩ ድምፅ መቅረጫ ቤት ያመጣኋት ለዚህ ነው።

እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ማይክራፎን ፊት ተቀምጣ ትዘፍናለች። እኔ ወዲህ ከድምፅ ቀራጩና ከልጄ ልጅ ጋር ነኝ። ልጅቷን ሽቦ እላታለሁ፤ ቀጭን ናት፣ የምትውለውም ሽቦ መሀል ነው። የቤቱን ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ናት። ሰርቨሩ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ የሚከማችበት ኮምፒውተር ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

ዘፈኑ ግማሹን እንዳለፈ የቀራጩ ፊት ተለዋወጠ።

"ዲስኩ ሊሞላ ነው" አለ። ስክሪኑ ላይ የተያዘውን ቦታ የሚያሳየው መስመር ቀልቶ ጫፍ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

"ከሞላስ?"

"ቀረጻው ይቆማል፣ እማማ።"

"አሮጌውን አጥፋና ቦታ ልቀቅላት እንጂ።"

"የሰው አደራ ነው፣ አይጠፋም።"

"ታዲያ ሲሞላ ምን ታይ ነበር? ዓይንህን ለጌጥ ነው ያበቀልከው?"

ወደ መስታወቱ ዞረ። "ትንሽ እንድታርፍ ብንነግራትስ?"

"ሞክራታ። ከንፈርህን በመርፌ ትሰፋልሃለች።"

ሽቦ ግን አዲስ ዲስክ ከካርቶኑ እያወጣች ነበር። "ማንም እንዳይነካት" አለች። "እሷ ትዝፈን፤ እኔ ቦታውን አሰፋዋለሁ።"

"ሰው እየኖረበት የቤት ግድግዳ ይፈርሳል እንዴ?"

"ግድግዳ የለውም፣ እማዬ። እዚህ ዲስኮቹን ሁሉ አገጣጥመን እንደ አንድ ጣቃ ጨርቅ ነው ያደረግናቸው። ሎጂካል ቮልዩም የምንለው ከጣቃው ለድምፁ የተቆረጠለትን ነው። ሲጠበው ጣቃው ላይ ጨርቅ እጨምርና ከዚያ እቀጥልለታለሁ። ቀሚሱ ከገላ ላይ ሳይወልቅ።"

እኔ የቀለም ትምህርት ደጅ አልደረስኩም፤ ልብስ ስፌት ቤት ግን አድጌያለሁ። ሰው የለበሰውን ቀሚስ መስፋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርፌው ገላ ይወጋል።

ዲስኩን ሰርቨሩ ውስጥ ገፋችው፣ ቀጭ አለ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ። "ጣቃው ውስጥ ገባ" አለች። ደግሞ መታች። "ተቀጠለለት።"

መስመሩ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። እንዲያውም ትንሽ ወደፊት ሄደ።

"የት አለ የቀጠልሽው?" አልኳት።

ከመስታወቱ ወዲያ እታለም ዓይኗን ጨፍና ወደማላውቀው ስንኝ ገብታለች።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንቺ ልጅ፣ እያየሽ ነው?"

"እማዬ፣ አፍሽን ያዢልኝ" አለችኝ። እኔን። ደንግጬ ያዝኩት።

ስክሪኑን አፍጥጣ አየችውና ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ሰፍቷል እኮ! ፋይሎቹን የሚያደላድለው ሥርዓት ነው መስፋቱን ያልሰማው። ጨርቁን ሰጥቼ ስፌቱን አልለቀቅኩለትም።" አንዲት ትእዛዝ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

ቀዩ መስመር ወደ ኋላ ሸሸ። ሸሸ፣ ሸሸ፣ ከግማሽ በታች ወርዶ አረንጓዴ ሆነ። ድምፄ መስታወቱን እንዳያልፍ የሻርፔን ጫፍ ነከስኩ፤ በእጄ ግን ቀራጩን ትከሻው ላይ ደቃሁት። እየሳቀ ቦታውን አሸ።

እታለም ምንም አላወቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጨረሻውን አወጣችው፦

"ትልቋ ነቅታ ስትሰማ ትንሿ ተኝታለች፣
ክሬ እዚህ አለቀ፣ መርፌዬም ደክማለች።"

በሩን ከፍቼ ገባሁ። "ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቅሽኝ?"

"ማን ደበቀሽ? እናታችን እዚህ ጋ ስትደርስ አንቺ ሁልጊዜ ታንኮራፊ ነበር። ይህንንም ስንኝ አንቺን እያየች ነው ያወጣችው።"

ወደ ሽቦ ዞርኩ። "ቦታ ተርፏል?"

"ሞልቶ ተርፏል፣ እማዬ።"

ወንበር ሳብኩና ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩ። "እስከ ግማሹ እኔ አወጣዋለሁ፣ አንቺ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ከዚያ ትቀበይኛለሽ። ዛሬ አልተኛም።"