ላላ ያለው ሹሩባ

ስልኩ ሲጮህ የደጊቱ ሁለት እጆች የየሻረግ ፀጉር ውስጥ ነበሩ። ከግንባሯ ጀምራ ሦስት ዘለላ ጎንጉናለች፤ ገና ብዙ ይቀራታል። ስልኩን በክርኗ ከመስታወቱ ስር ጎትታ ስታየው የደወለው የየሻረግ ባል መሳፍንት ነው። ሚስቱን ትቶ ለፀጉር ሠሪዋ መደወሉ ገረማትና ወደ በሩ ወጣ ብላ አነሳችው።

«አጠገብሽ ናት?» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ውስጥ ናት። ምነው?»

«እንዳትሰማሽ። እናቷ አረፉ። ዛሬ ጠዋት፣ ደህና አድረው፣ ላም አልበው ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ወደቁ። ወንድሟ ከመተማ እስኪደርስ ቀብሩ ለነገ ሆኗል። እኔ ዘንገና እሳቸው ቤት ነኝ። አጎቷ ደርበውና ሽማግሌዎቹ ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ አደራ፣ ስልኳን ያዢባት። ደግሞ አብያት። ከነገ ጀምሮ እህል በአፏ አይዞርም፤ ሁለት ነፍስ ናት።»

ደጊቱ «እሺ» አለች። ሌላ ምን ትበል። የሻረግ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አምና አንዱ ጨንግፎባት ሦስት ወር ከሰው አልተቀላቀለችም። ይሄኛው እንዳይወርድባት ከዶክተሩ እስከ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ይጠብቃታል።

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሲነጋጋ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት በር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ሐዘኑ የሚመለከተው ሰው ብቻ ይስቃል፣ ይበላል፣ ዋጋ ይከራከራል። ደግነት ነው ይባላል። ደጊቱ ይሄን ደግነት አንድ ጊዜ ቀምሳዋለች። አባቷ የሞተ ጊዜ እሷ አዲስ ቅዳም ከተማ የጎረቤት ሠርግ ላይ እስክስታ ትመታ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንዱ አጨብጫቢ ፎቶ አንስቷት ኖሮ ፎቶው ዛሬም አለ። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ያን ፎቶ ባየችው ቁጥር አባቷን ሳይሆን አጨብጫቢዎቹን ትረግማለች።

ተመልሳ ገባች።

«ማነው?» አለች የሻረግ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

«ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰውዬ። አልደርስም ይላል።»

የውሸቷ መጀመሪያ ይሄ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልቆጠረቻቸውም።

ቅዳሜ ነው፤ ጥር ሠላሳ፣ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ የእንጅባራ ሰው ሁሉ ሥጋ ቤት ላይ ወድቋል። የሻረግ በዞኑ አንድ ቢሮ የሰው ኃይል ባለሙያ ናት። ደመወዝ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ለራሷ ትወስዳለች። መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ቀጥሎ ጥፍር፣ በመጨረሻ ከደጊቱ ጋር መንገዱን ተሻግሮ ጥብስ። ያኔ ሲጀምሩት ሁለት ሴት ያለ ወንድ ምግብ ቤት ስትቀመጥ ዞር ብሎ የማያይ አልነበረም፤ እነሱም ጓዳው አጠገብ ካለው ጨለማ ጥግ ይሸጎጡ ነበር። አሁን መስኮቱ ዳር ነው የሚቀመጡት። «ሰው ሠርቶ ሲያቀርብልሽ ነው ሰው መሆንሽ የሚታወቅሽ» ትላለች የሻረግ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደጊቱ በዚህ ስቃለች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ደግሞ አምናበታለች።

ለጥምቀት እናቷን ወይዘሮ ወርቅአየሁን እንኳ ይዛቸው መጥታ ነበር። አሮጊቷ ምግብ ቤቱ ውስጥ በየጉርሻው አፋቸውን በነጠላ እየሸፈኑ በአዊኛ ሲያጉረመርሙ ዋሉ፤ ለማያውቁት ሰው ዓይን መብላት ነውር ነው ባይ ናቸው። ፀጉር ቤቱ ሲገቡ ግን ቀዩን የጥፍር ቀለም ብልቃጥ አንስተው አገላበጡት። «በዚህ ጥፍር ሊጥ ሊቦካ ነው?» አሉ። ደጊቱ እየሳቀች እጃቸውን ያዘችና የግራ ትንሿን ጣት ብቻ ቀባቻቸው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ እንጂ አላስጠፉትም። የሻረግ ይሄን ለቢሮው ሰው ሁሉ አውርታለች።

ደጊቱ አራተኛውን ዘለላ ያዘች። ነገ ጠዋት ይሄ ፀጉር ይፈታል፤ ሐዘንተኛ ተጎንጉና አትቀመጥም። ጠበቅ አድርጋ ብትሠራው ነገ ያቺ ምስኪን እየጮኸች ስትነቅለው ታያት። ሳታስበው ጣቶቿ ላላ አሉ። አምስተኛውንም ስድስተኛውንም እንደዚያው አደረገችው፤ አንዱ ጫፍ ሲሳብ ተከታትሎ እንዲፈታ። እጇ ያደረገውን ልቧ ዘግይቶ አወቀው፤ ካወቀች በኋላም አላረመችውም፤ ጠበቅ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱንም መልሳ አላላቻቸው።

በዚህ መሀል በሩ ላይ ቅቤ ሻጯ እናትነሽ ብቅ አለች። ከዘንገና ማዶ ናት የምትመጣው። ወንበሩ ላይ ያለችውን ስታይ እግሯ ደፉ ላይ ቀረ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደጊቱ ሚዶውን ጥላ ብድግ አለችና በትከሻዋ ገፍታ አስወጣቻት።

«ቅቤው ሰኞ ይሁን፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለቻት ጮክ ብላ። ከዚያ በሹክሹክታ «ሂጂልኝ፣ በእመቤቴ» አለች።

«ምን ሆና ነው?» አለች የሻረግ።

«ጥርሷን ያማታል።»

«ስልኬን አቀብይኝ እስቲ። እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ይሆናል፣ ድምጿን ልስማ።»

ደጊቱ ስልኩን ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወስዳ አጥፍታዋለች። «ኔትወርክ የለም፣ ቅድም ካወራሁ ወዲህ ጠፍቷል» አለች።

ጥፍሩ ላይ ሲደረስ የሻረግ ቀዩን መረጠች። ደጊቱ «አልቋል» ልትል አፏን ስትከፍት ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ሙሉውን ቆሞ ያያታል። እንቢ ብትል ትጠረጥራለች፤ ብትቀባት ነገ በቀይ ጥፍር ደረቷን ልትመታ ነው። ለቅሶ ቤት የሰው ዓይን ከእንባም ውስጥ ሆኖ ያያል። እናቷ አስከሬን ሆና እሷ ጥፍር ስታስቀባ ዋለች ተብሎ እስክታረጅ ይወራባታል። አሥሩንም ቀባቻት። ሁለት ቦታ ወደ ሥጋዋ አስወጣችው፤ በመጨረሻ ደግሞ የቀለም ማጥፊያ አሴቶኑንና ጥጡን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረች። ጎህ ሳይቀድ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ትደርስና በእንቅልፏ ታጠፋላታለች። እንዲህ ያለ ሞኝ ዕቅድ ያወጣችው ሰው ሲጨንቀው የሚይዘውን ስለማያውቅ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ዳር ተቀመጡ። ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል። አስተናጋጇ ውቢት ሌላ ጊዜ «ዛሬስ ለማን ተኳላችሁ?» ሳትል አታልፍም። አሁን ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ የመጣው ጥብስ ደግሞ ካዘዙት እጥፍ ነው። ደጊቱ ወሬው ከተማ መግባቱን በዚህ አወቀች። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ቃል ተወርውሮ እንዳይመጣ ጀርባዋን ለሰው፣ ፊቷን ለየሻረግ አድርጋ ወሬ ታዘንባለች፤ ስለ ቅንድብ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለማታውቃት ሴት ፍቺ።

«ብዪ» ትላታለች። ታጎርሳታለች። ደግማ ታጎርሳታለች።

የሻረግ ጎረሰች፣ ሳቀች፣ አምቦ ውሃ ጠጣች። ደጊቱ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ይዛ መዋጥ አቅቷታል። ሥጋ ሳይሆን ያ የሠርግ ፎቶ ነው ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው። አሁን አጨብጫቢዋ እሷ ናት። ተናደደች፤ በመሳፍንት፣ በሽማግሌዎቹ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ።

የሻረግ እጇን አንስታ ፀጉሯን ዳሰሰች። ከዚያ ደገመች። ማኘኳን አቆመች።

«ደጊቱ።»

«እመት።»

«ስድስት ዓመት ሠርተሽኛል። ሁሌ ቆዳዬን ስበሽ ነው፤ ሁለት ቀን ትራስ አያስነካኝም። ዛሬ አላመመኝም።»

«ነፍሰ ጡር ነሽ ብዬ...»

«ባለፈው ወርም ነፍሰ ጡር ነበርኩ።» አንዱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳብ አደረገችው፤ እስከ ግማሹ ተፈታ። «ለሚፈታ ፀጉር ነው እንዲህ የሚሠራው። አንቺ ደግሞ ሥራሽን አታበላሺም።»

ደጊቱ ጥብሱን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

«ኔትወርክ የለም አልሽኝ። ያ ሰውዬ ከተቀመጥን ጀምሮ ስልክ እያወራ ነው።» በአገጯ ወደ ጎን ጠቆመች። ድምጿ አልጨመረም። «እናቴ ናት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ውሸቱም ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሟቸዋል፣ ሐኪም ቤት ገብተዋል፣ ነገ እንሄዳለን። ሆዷን አየች፤ አምናን አሰበች። የተናገረች እንደሆነና ልጁ የወረደ እንደሆነ መሳፍንት ዕድሜ ልኩን አይምራትም። ዝም ብትል ደግሞ የምትወዳት ሴት በዚህች ማታ እዚህ ወንበር ላይ ሆና ስትስቅ የነበረችውን ራሷን ዕድሜዋን ሙሉ እያየች ትኖራለች።

«አዎ» አለች። «ዛሬ ጠዋት። አልተሰቃዩም። ቀብሩ ነገ ነው፤ አላመለጠሽም።»

የሻረግ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ጣቶቿ በቀዮቹ ጥፍሮች ዙሪያ ነጡ። ደጊቱ ልትደግፋት ብድግ ስትል በዓይኗ አስቀመጠቻት። እንባው ያለ ድምፅ ወርዶ አገጯ ላይ ተጠራቀመ። ከዚያ እንጀራ ቆረሰችና ጥብሱን ጠቅልላ ጎረሰች። እያለቀሰች አኘከች፤ ደገመች፤ ሠለሰች።

«ለልጁ ነው» አለች። «ነገ አልችልም።»

ደጊቱም ያን ጊዜ አለቀሰች።

«መሳፍንት እንዳወቅኩ አይወቅ። ሽማግሌዎቹም» አለች የሻረግ ፊቷን በሶፍት እየጠረገች። «አጎቴ ደርበው ይሄን ሌሊት እንዴት ብዬ ልንገራት እያለ ነው የሚያድረው። እህቱ ናት የሞተችው። ልንገራት ብሎ ሲመጣ ሰምቻለሁ አልለውም። ሲነግረኝ እሰማለሁ።»

እጆቿን ጠረጴዛው ስር ዘረጋች።

«ቦርሳሽ ውስጥ ያስገባሽውን አሴቶን አውጪው። ስትከቺው አይቼሻለሁ።»

ደጊቱ ጥጡን አርሳ ከአውራ ጣት ጀመረች። ሽታው ከጥብሱ ሽታ ጋር ተቀላቀለ፤ ውቢት ከሩቅ አይታ ፊቷን ወደ ጓዳው መለሰች። የቀኙን እጅ ጨርሳ ወደ ግራው ዞረች። አራቱን አጥፍታ አምስተኛው ላይ ስትደርስ የሻረግ እጇን ሰበሰበች።

«ትንሿን ተያት» አለች።

ደጊቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ሲነጋጋ የየሻረግ ቤት በር ተንኳኳ። ጎረቤቱ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሌሊት የተመለሰው መሳፍንት ከሚስቱ ኋላ ተጠግቷል፤ አቶ ደርበው ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበዋል። «ልጄ፣ የሰው ነገር...» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። የሻረግ ጮኸች። ጩኸቱ የአስመሳይ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ ታፍኖ ያደረ ነበር። እጇን ወደ ራሷ ሰዳ አንዱን ጫፍ ስትስብ ሹሩባው ተከታትሎ ተፈታና ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ ፀጉር አልተነቀለም።

ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። አንዷ፣ የሻረግ ደረቷን ስትመታ፣ በግራ እጇ ላይ የቀላችውን ጥፍር አየችና ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ዘንበል አለች። ደጊቱ ሰው ገፍታ ገባች። የየሻረግን እጅ ያዘችና ትንሿን ጣት በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችላት።