የሸጥናት ቃል

ባሌ የሰው ልብ አያነብም ነበር። ይህን የምለው እሱን ለማሳነስ አይደለም። አብሬው ስኖር የእኔን ልብ እንኳ አንብቦ ቢያውቅ ኖሮ ስንት ጠብ በተረፈልን! በየአዳራሹ በር ላይ የሚለጠፈው ሥዕሉ ግን «ልብ አንባቢው» ይላል፤ ግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዐይን ተስሎበት። ሠዓሊው ያቺን ዐይን ትንሽ አንሸዋሯታል። ሆን ብሎ ነው እላለሁ እስከ ዛሬ፤ ባሌ ግን «ተዪው፣ እሷም ደክሟት ይሆናል» ይለኝ ነበር።

ሥራው የሁለታችን ነበር። እሱ ዐይኑን በጥቁር ጨርቅ ታስሮ መድረክ ላይ ይቀመጣል። እኔ ተመልካቹ መሃል እየዞርኩ ከአንዱ እጅ ዕቃ ተቀብዬ ከፍ አደርግና ምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ምስጢሩ ያለው አጠያየቄ ላይ ነው። «እስቲ» ብዬ ከጀመርኩ ብረት ነገር ነው፤ «እንግዲህ» ካልኩ ወረቀት፤ «በል» ካልኩ ልብስ። ይህ ነገር ቤት ድረስ ተከትሎን መጣ። «እስቲ እንግዲህ ተነስና በሩን ክፈት» ስለው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ቁልፍና ደብዳቤ» ይለኛል። እስቅለታለሁ። በሩን ሄጄ የምከፍተው ግን እኔው ነኝ።

ከሁሉም የምትበልጠው ቃላችን «አይዞህ» ነበረች። ትርኢቱ ሊያልቅ ሲል ባሌን ከአዳራሹ አስወጥተን ተመልካቹ አንድ ሰው ይመርጣል። ባሌ ዐይኑ ታስሮ ይመለሳል፤ የተመረጠውን ሰው ፈልግ ይባላል። እኔ በወንበሮቹ መሃል አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ፤ እሱ ላብ በላብ ይሆናል። የተመረጠው ሰው አጠገብ ስደርስ ቆም እልና ያዘንኩለት መስዬ «አይዞህ» እለዋለሁ። ሰው የሚመስለው ምስኪን ሚስት ለደከመ ባሏ አንጀቷ ተላውሶ ነው። እሱ ድምፄ ወደመጣበት ጣቱን ይቀስርና «ይኸው!» ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ያቺን ቃል ከቤታችን አስወጣናት። እናቱ የሞተች ዕለት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ እቅፍ አድርጌ «አይዞህ» ብለው፣ በእንባው መሃል ጣቱ ብድግ ሊል ሲል አየሁት። እሱም አየው። መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ እንደ አዲስ አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አላልኩትም። ሲከፋው «እኔ አለሁልህ» እለዋለሁ፣ «በርታ» እለዋለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ ጀርባውን አሽለታለሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ «ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው ይቺን ለመድረክ የሸጥናት?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ከዚያ ትልቁ ሰው መጣብን። ትልቁ ሰው የምለው አገሩን ሁሉ የያዘውን ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። አንድ ቀን ትርኢታችንን አየና ደስ አለው፤ ከዚያ መኪና እየላከ ቤቱ ያስጠራን ጀመር። እምቢ አይባል ነገር፣ መኪናው ደጃችን ላይ ቆሟል፤ ጎረቤት በመስኮት ያያል። ሰውየው ታሟል፤ በሽታው ደግሞ ክፉ ነው። ብርጭቆውን ይይዝና እንግዳው፣ አሳላፊው፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ባሌን «ስንት ዘመን ይቀረኛል? ሐኪሙ ተስፋ የለውም፣ አንተስ ምን ይታይሃል?» ይለዋል። ባሌም ሰው የሚለውን ይላል፤ ረጅም ዕድሜ ይታየኛል ይላል። እኔ ይህን ነገር እንተው፣ እኛ የጨዋታ ሰዎች ነን ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ። እሱ ግን «ፈርቷል እኮ፣ ፍርሃቱ ያሳዝናል» ይለኛል። ሆዱ እንደ ሕፃን ነበር፤ ለዚህ ሰው አዘነለት፤ ወይ ጉድ!

ታዲያ የበሽታው ወሬ ከተማው ውስጥ ተነዛ። ፀጉር አስተካካዩ ያወራል፣ ባለ ሱቁ ያወራል። ትልቁ ሰው እሳት ለበሰ፤ ምስጢሬን ማን አወጣ አለ። አንድ ቀን ለልምምድ ገብተን ሳለ የጥበቃ ኃላፊው ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ድረስ መጣ። በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው። የልብሳችን ሳጥን ላይ ተቀመጠና ነገሩን አስረዳን፤ ትልቁ ሰው የቅርብ ሰዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት ከምሳ በኋላ ሊሰበስብ ነው፤ ልብ አንባቢው ከመካከላቸው ምስጢር ያወጣውን ያገኛል፤ የሚያገኘውም ሐኪሙን ነው። ሐኪሙ ነው ወይ ያወጣው ብዬ ብጠይቀው ዞር ብሎም አላየኝ። ባሌ ደግሞ ሐኪሙ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ።

«እሱ የእናንተ ሥራ አይደለም» አለ በእኛ መስተዋት ክራባቱን እያስተካከለ።

ሐኪሙን እናውቀዋለን። ገና ወጣት ነው፤ አንድ ቀን እዚያ ቤት ባሌን ሲያስለው ሰምቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ኮሪደር ላይ አቁሞ ደረቱን አዳመጠለት። ለእኔም ሌሊት ሌሊት ትራስ ከፍ አድርጊለት አለኝ። ከፍ አደረግኩለት፤ ተሻለው። እንግዲህ ይህን ልጅ ነው በጣታችን ጠቁመን የምናስገድለው።

ያን ሰሞን ባሌ እህል አልቀምስ አለ። ከአገር እንዳንወጣ መኪናዋ ደጅ ላይ ናት። ስንመካከር ከረምንና በማንም ወንበር አጠገብ ቃሏን እንዳልላት፣ እሱም «ዛሬ ጨለመብኝ፣ አይታየኝም» እንዲል ተስማማን። ይህ እንደማያዋጣ እኔም አውቄዋለሁ፤ እሱም ያውቃል። ግን ተስማማን ተባባልን፤ ሸሚዙን ተኩሼ ሰጠሁት።

ቀኑ ደርሶ ትልቁ ሰው ቤት ገባን። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ወፍራም መጋረጃው ተከፍቶ የከሰዓቱ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የባሌን ዐይን በእጄ አሰርኩለት። ጨርቁ ሽውዳ የለበትም፤ እውነተኛ ጨርቅ ነው፤ ምንም አያሳይም። ከዚያ መዞር ጀመርኩ። ሐኪሙ ጋ ስደርስ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሷል። እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም። የጥበቃ ኃላፊው ዐይኑን ተክሎብኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐኪሙን አለፍኩት። ዞርኩ፤ እንደገና ዞርኩ። ባሌ ጨለመብኝ አለ። ትልቁ ሰው ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣ እስኪታየው ድረስ እንጠብቃለን፣ ማንም ከዚህ አይወጣም አለ።

እንደገና መዞር ጀምሬ ትልቁ ሰው ወንበር አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ነው ባሌን ፊት ለፊት ያየሁት። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ደርቋል። ሁለት እጁን ጭኖቹ መሃል ከቶ፣ የተቀጣ ልጅ መስሎ ተቀምጧል። ስንት ዘመን መድረክ ላይ ሲፈራ አይቼዋለሁ፤ ያ ሁሉ ማስመሰል ነበር፤ ይህ ግን እውነት ነው። ወይኔ ሰውዬ! ያለሁበትን ረሳሁት።

«አይዞህ» አልኩት።

ካልኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ፤ የቆምኩት ደግሞ ትልቁ ሰው አጠገብ ነው። መድረክ ላይ ቢሆን ጣቱ ቶሎ ነው የሚነሣው። ያን ቀን አልተነሣም። ባሌ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ጉልበቱ መንቀጥቀጡን ሲያቆም አየሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቱን ድምፄ ወደመጣበት ቀሰረ።

«ይኸው» አለ። «ጌታዬ፣ ምስጢሩን ያወጡት እርስዎ ነዎት። እዚሁ ክፍል ውስጥ ብርጭቆ ይዘው ለሁላችንም ሲነግሩን ነበር። ሐኪሙ አንድ ቀን አልተነፈሰም።»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ሳቁን ዋጠው። ነገሩ እውነት ነው እኮ! እዚያ የተቀመጠው ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቀዋል፤ በጆሮው ሰምቷል። ባሌ ዕድሜ ልኩን መድረክ ላይ ሲዋሽ ኖሮ አንድ ቀን እውነት ተናገረ፤ የተናገረውም እዚያ ቤት። ትልቁ ሰው አልጮኸም። ብርጭቆውን አስቀመጠና በእጁ ብቻ ውሰዱት የሚል ምልክት ሰጠ። ሐኪሙን ቀና ብሎ ያየው የለም።

ኮሪደሩ ላይ ኮቱን ላልብሰው ብዬ ለምኜ ደረስኩበት። ጨርቁን ከዐይኑ ፈታሁለት። ብርሃኑ ወግቶት ዐይኑን ያርገበግባል።

«ለአንተ ነው እኮ ያልኩት» አልኩት ኮቱን እያለበስኩት። «ምልክት አልነበረም። ለአንተ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «መድረክ ላይ እንደዚያ አድርገሽ ብለሽኝ አታውቂም። ያቺን ቃል ስሰማ ነው የደፈርኩት።»

ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «አይዞሽ» አለኝ። ለካ ለእኔ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም ይሉኛል። ዘበኞቹ እንኳ ትናንት ነፃ ቲኬት ሲለምኑን የነበሩት፣ ዐይናቸውን በጨው አጥበው አናውቅም ይላሉ። ሥዕሉ ከየበሩ ላይ ተቀደደ። አንዱን ሌሊቱን ዝናብ አላቅቆት ከግድግዳ ሥር አግኝቼ አምጥቻለሁ፤ ሸውራራዋ ዐይን አለች። እንዳለቅስበት ሬሳውን እንኳ አልሰጡኝም፤ እጄ ላይ የቀረው ጨርቁ ነው።

ትልቁ ሰው በበሽታው ሞተ። ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ነው ቤቴ የመጣው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሻዩን አልነካውም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት አለ። ያን ቀን እሱ ምንም እንዳላደረገ ባለቤቴ እንዴት እንዳወቀ፣ ዐይኑ ተሸፍኖ ሳለ እንዴት እንደታየው መጠየቁ ነበር። የተማረ ሰው ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር አያምንም። ግን ዐይኖቹ ይለምኑኛል።

«እውነት ባለቤትዎ ያዩ ነበር?» አለኝ።

እስቲና እንግዲህን፣ በልንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የኮሪደሩን ብርሃን፣ ዐይኑን ሲያርገበግብ አስታወስኩ።

«ያይ ነበር» አልኩት።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «አይዞዎት» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ይለክፈኛል፣ እጄን እንደያዘኝ ወደ ሶፋው ዞርኩ፤ ባሌ ጣቱን አንሥቶ እንደሆነ ለማየት።