የአምስት የስፌት መኪናዎች ሒሳብ

ብዕሩ እጇ ውስጥ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው ፊርማዋ የሚያርፍበትን መስመር በጣቱ አሳይቷት ዘወር ብሏል፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሰዓቱን ያያል። ድርጅታቸው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ተብሎ ከተመዘገበ ገና ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ዛሬውኑ በሁለቱ ባለድርሻዎች ተፈርሞ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መግባት አለበት።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ሳትለካ አትቆርጥም፤ ሳታነብም አትፈርምም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። «የስፌት መኪና፣ አምስት፤ በሥራ አስኪያጁ የግል ገንዘብ ተገዝተው ለድርጅቱ የተሰጡ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ወንድሟ ነው። ደግማ አነበበችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

አምስቱንም የገዛቻቸው እሷ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ በአንድ። ለመጀመሪያው የጋብቻ ቀለበቷን ሸጣለች። አራተኛው በመጣበት ዓመት ልጆቿ አዲስ ጫማ አላዩም። ድርጅቱ ሲመሠረት መኪናዎቹ ይገመቱና በድርሻዬ ይያዙልኝ ብላ ነበር። ወንድሟ «ለግምት ደግሞ ማን ይመላለሳል? በእህትና በወንድም መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አላት። አፍራ ተወችው፤ ከድርሻው ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ተጻፈላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሷ ከሞኝም ብሳ የያዘችውን ለቀቀች፤ ወረቀቱ ግን አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ እነዚህን መኪናዎች መቼ ገዛሃቸው?»

«እሱን ተዪው፣ የወረቀት ጣጣ ነው። ደረሰኝ አምጡ ተባልን፤ በኔ ስም አሠራሁት።»

«በኔ ስም አይሠራም ነበር?»

ሳቅ አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ ነገር ማሳነሻ ሳቁ ነው። «አሁን እኔ፣ የእናትሽ ልጅ፣ ያንቺን ልበላ ነው?»

ደሟ ፈላ። ያንገበገባት መወሰዱ ብቻ አልነበረም፤ ወሳጁ እሱ ሆኖ ማፈር የሚጠበቅባት እሷ መሆኗ ነው።

«የእናቴ ልጅ ስለሆንክ ነው ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቅኩህ» አለችና ብዕሩን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የሒሳብ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዛሬ ካልገባ ቅጣት አለው።»

«እንቀጣ። እርስዎ ባዶ ወረቀት ይያዙና ይከተሉኝ።»

ስፌት ክፍሉ ውስጥ አራቱ ሴት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩዋትና እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። የመጀመሪያው መኪና አጠገብ ቆማ የፋብሪካ ቁጥሩን ሳታይ ጠራች። የሒሳብ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ከብረቱ ላይ አነበበ፤ አንድም አኃዝ አልሳተችም። ሁለተኛውን ጠራች፤ ከማን እንደገዛችው፣ በስንት፣ በየትኛው ወር። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛውንም እስከ መጨረሻው ጠራችው። ወንድሟ ይህን ጊዜ በሩ ላይ ቆሟል።

ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ዓምድ ባዶ ቀረ።

«የገዢውን ስም ማን ልበል?» አለ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን አጣጥፋ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተው ንገራቸው።»

አራቱም ሴቶች ወደ እሱ ዞሩ።