የመህር ጊደር

ባድሩ የመጨረሻውን ዕዳ ከፍሎ የገባ ቀን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይዞ ነበር። አንድ ኪሎ ሊል አስቦ ነው ሉካንዳ የገባው፤ አፉ እምቢ አለው። ለዓመታት በሉካንዳው ደጅ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ማዶ ሲያዞር የኖረ ሰው አንድ ኪሎ ብሎ ለመጥራት ልምምድ ያስፈልገዋል።

ዕዳው የባጃጅ ነበር። ባጃጇን ከነጋዴው ከሀሚድ በዱቤ ገዝቶ፣ ሐይቅ ከተማ ላይ ገና በወጉ ሳያሽከረክራት ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ ሲሄድ ባጃጇም አብራ ሄደች፤ ዕዳው ግን የትም አልሄደም። ሀሚድ ክፉ ሰው አይደለም። ቤት ድረስ መጥቶ፣ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ፣ ስለ ባጃጇ ከልቡ አዝኖ፣ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «እንግዲህ የወሩን እንዳትረሳ» ብሎ ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲያ ባድሩ የሰው ባጃጅ ነዳ። የዕለቱን ገቢ ለባለንብረቱ ያስረክባል፣ ቤንዚን ይቀዳል፣ የተረፈውን ለሀሚድ ያደርሳል። ሚስቱ ዑምኩልሱም መናኸሪያው በር ላይ ሳንቡሳ እየጠበሰች ቤቱን ትይዛለች። ቤቱ ማለት ሙስዓብና ሉብና ናቸው። ሙስዓብ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሉብና ሁለት፤ ሁለቱም መብላት ይወዳሉ።

«ዑምኩልሱም» አለ ባድሩ፣ ሥጋውን አስቀምጦ እንደ ባለሥልጣን ጉሮሮውን እየጠረገ። «ከዛሬ ጀምሮ የማንም ዕዳ የለብኝም።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች። ሽንኩርቷን መክተፍ አላቆመችም። «የኔስ?»

«የምን ያንቺ?»

«የመህሬ ጊደር።»

ባድሩ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ያወቀው ትንሽ ቆይቶ ነው።

ነገሩ እውነት ነው። ኒካሑ የታሰረው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ በአማቱ ግቢ ሲሆን፣ ባል ለሚስቱ ቃል የሚገባው መህር ምን እንደሚሆን ሽማግሌዎች አስቀድመው ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ማንንም የማያሳፍር፣ ማንንም የማያስጨንቅ ትንሽ ገንዘብ። ሸህ ኑርሁሴን «መህሯ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ባድሩ የተባለውን ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን ከሙሽራዋ ወገን አንዱ ጎረምሳ ከኋላ «የከተማ ሹፌር ኸጡሩምባ ሌላ ምን አለው?» ሲል ሰማ። የባድሩ ጆሮ እንዲህ ያለውን ነገር አያሳልፍም።

«ጊደር!» አለ። ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ። ዞር ሲሉለት ጊዜ ባሰበት። «ያውም ያረገዘች!»

ሰዉ ማሻአላህ አለ፣ ምስክሮቹ ሰሙ፣ ምሳው ቀረበ። ባድሩም የጊደሯ ጉዳይ ከሳህኖቹ ጋር ተነሥቶ የታጠበ መስሎት ስምንት ዓመት ኖረ።

አሁን ደግሞ ነገሩ በመጥፎ ጊዜ መጣበት። ሀሚድ «የከፈለ ሰው ይታመናል» ብሎ ሌላ ባጃጅ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፣ በዱቤ ሊሰጠው ነበር። ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆነው የዕቁብ ተራው ደርሷል። የቀረው ፊርማ ነው። ሀሚድ ባለትዳር ሲያዋውል ባልና ሚስት ካልፈረሙ ብዕሩን ከኪሱ አያወጣም። ባድሩ ይህን ሁሉ በሥጋው ወጥ ላይ አስረዳት።

«እፈርማለሁ» አለች ዑምኩልሱም። «ጊደሬ ስትመጣ።»

«በጄ። ያኔ ጊደር በምትሸጥበት ዋጋ ገንዘቡን ልስጥሽ።»

«ገንዘብ አልተባልኩም። ጊደር ነው የተባልኩት።»

«እሺ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልክፈልሽ።»

«ዋስ አለህ?»

ባድሩ ከልቡ አሰበበት። በሐይቅ ከተማ ዓይኑን ሳያሽ ዋስ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ አገኘ፤ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ለሉብና አጥንት እየጋጠች ነበር። ወደ ወጡ ተመለሰ።

በማግስቱ ሸህ ኑርሁሴንን መስጊድ ሊያደርስ በባጃጁ ጫናቸውና መንገድ ላይ ነገሩን አነሣ። በልቡ ሸሁ ይስቃሉ፣ «ተይው በላት» ይላሉ ብሎ ነበር።

«ሰው ሲሞት እንኳ ልጄ» አሉ ሸሁ፣ «ውርሱ ሳይከፋፈል በፊት የሚስቱ መህር ይወጣል። አንተ ደሞ አልሞትክም።»

«ያኔ እኮ ለወጉ ያህል ነው ያልኩት፣ ሸህ።»

«እኔ ኒካሑን ያሰርኩት ለወጉ ያህል አይደለም።» ትንሽ ሄዱ። «ስትከፍል ደሞ ስላዘገየኸው አፉ አስብላት። ከልቧ ይቅር ካላለችህ ግማሹን ነው የከፈልክ።»

መስጊዱ ጋ ሲደርሱ ሸሁ ዱዓ አድርገውለት ወረዱ። ሒሳብ አልከፈሉም፤ ባድሩም አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጁን አቆመና ሚስቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የደሴ መኪና ገና አልሞላም፤ ገዢ አልነበረም።

«እሺ፣ ዕዳ ነው፣ አምኛለሁ» አለ። «ግን ስምንት ዓመት ዝም ብለሽ ለምን አሁን?»

«ቁምሳጥኑ የወጣ ቀን ትዝ ይልሃል?»

እንዴት ይረሳዋል። የሦስት ወር ክፍያ ዘሎበት ሀሚድ ሁለት ተሸካሚ ይዞ የመጣ ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ ወጣ፣ አልጋው ወጣ። ቁምሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ሀሚድ ተሸካሚዎቹን አስቆማቸው። ሐቅ የሚፈራ ሰው ነው፤ የባለዕዳው ያልሆነ ነገር አይነካም። «ይሄስ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የዑምኩልሱም ነበር። እናቷ የማር ቀፎዋን ሸጣ ያሠራችላት፣ ከአርዲቦ በመኪና ጣራ ተጭኖ የመጣ። ግን ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያያል፤ ባድሩ «የሚስቴ ነው» ብሎ በሚስቱ ዕቃ የሚኖር ወንድ መባል አቃተው። «የኔ ነው!» አለ። «እዚህ ቤት ያለ ሁሉ የኔ ነው!» ተሸካሚዎቹም ወገባቸውን ታጥቀው አነሡት። ልብሷን በአንሶላ ቋጠረችው። እስከ ዛሬም እዚያው አንሶላ ውስጥ ነው።

«ጋሼ ሀሚድ ጠይቆሃል» አለች ዑምኩልሱም። «እሱን አልፈርድበትም። ጠይቆሃል።» ሳንቡሳውን በመጥበሻው ውስጥ ገለበጠች። «አሁን ልትበደር ነው። ተበደር፤ አትበደር አላልኩም። ግን ወላሂ፣ ዳግመኛ ዕዳ ጠያቂ ቢመጣ እጁን የማያሳርፍበት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ። ልጆቼን ይዤ ባዶ ግቢ ውስጥ መቆም በቅቶኛል።»

ባድሩ አፈረ። ዕዳ ሲጠየቅ ከሚያፍረው በላይ አፈረ። አንድ ተሳፋሪ ሁለት ሳንቡሳ ሲል ተነሥቶ በወረቀት ጠቀለለለት።

ዕቁቡ ሲወጣ ወደ ከብት ተራ ሄደ። ስለ ሞተር እንጂ ስለ ከብት የሚያውቀው የለም፤ አንዷን ጊደር ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ እግሯን እንደ ጎማ አይቶ፣ በዋጋዋ ሊስማማ ሲል ዑምኩልሱም ሉብናን አዝላ ደረሰች። የገበሬ ልጅ ናት። የመረጣትን ጊደር ሆዷን ዳበሰችና «ይቺ ያረገዘችው ጭድ ነው» ብላ አለፈቻት። ደላላው ከዚያ በኋላ ከባድሩ ጋር መነጋገሩን ተወው። በመጨረሻ አንዲት ቡሬ ጊደር ተገዛች። የዕቁቡ ገንዘብ እሷ ላይ አለቀ፤ ትንሽም ጨመረበት።

ቤት ሲደርሱ ባድሩ ገመዱን ሰጣት። «ይኸው መህርሽ።»

«ተቀብያለሁ።»

«እንግዲህ ስላዘገየሁት አፉ በይኝ።»

ዑምኩልሱም ጊደሯን አየች፣ እሱን አየች። «እሱን አስብበታለሁ» አለች።

ባድሩ አኮረፈ። ማኩረፉን ግን የሚያይለት አልነበረም፤ ሁሉም ጊደሯን ነው የሚያየው። ሐይቁ ዳር የታጨደ ሣር በባጃጁ ጣራ ጭኖ ያመጣል፣ ተሳፋሪ «ደርቆሽ ነው ወይስ ሰው ነው የምትጭን?» ይለዋል፣ ፉርሽካ የሚገዛበትን ብር ሲቆጥር ሆዱ ይቆስላል። ወተት እንኳ የላትም። ጋሪ የሚያህል ሆዷን ይዛ ቆማ ታላምጣለች።

ሀሚድ ቅድሚያ ክፍያው መቅረቱን ሲሰማ አልተቆጣም። «እመጣለሁ፣ ያለህን አይተን እንዋዋላለን» አለ። መጣም። ውሉን በላስቲክ ከረጢት ይዞ፣ ብዕሩን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ። ሙስዓብ ገና ከበሩ ሲያየው ወደ ጓዳ ሮጦ ገባና የትምህርት ቤት ቦርሳውን አቅፎ ወጣ።

ዑምኩልሱም ጊደሯን ውኃ ልታጠጣ ፈትታ፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ግቢው መሀል ቆማ ነበር። ሀሚድ ጊደሯን ዞራት። እሱም ከብት ያውቃል።

«ማሻአላህ! ይቺማ ለመያዣ ትበቃለች፤ ቅድሚያውም ይቅር።» ከዚያ እንደ ወትሮው፣ ሐቅ ስለሚፈራ፣ ጠየቀ። «የማን ናት?»

ያችው ጥያቄ ናት፤ በዚያው ድምፅ። ጎረቤቶቹም እንደ ያኔው አጥሩ ጋ ደርሰዋል። ባድሩ ባጃጇን በጣም ይፈልጋት ነበር። ሰርክ የሰው ገቢ ቆጥሮ ማስረከብ ሰልችቶታል፤ የራሱን መሪ ይዞ ቁልቁል መናኸሪያው ድረስ ሲወርድ ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቷል። የሚቀረው አንዲት ቃል ናት። ሚስቱን አያት። እሷ አላየችውም፤ ገመዱን ነው የምታየው፤ ጣቶቿ ደም እስኪሸሻቸው ጨብጣዋለች።

«የኔ አይደለችም» አለ ባድሩ።

«የሚስትህ ኸሆነች ያው ያንተ አይደለች እንዴ?»

«አይደለችም። መህሯ ናት።» ከዚያም አጥሩ ጋ ያሉት በደንብ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እሷ ላይ አንድ ፀጉር የለኝም!»

ሀሚድ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። «ሐቅ ነው» አለ። «ሌላስ ምን አለህ?»

ባድሩ ግቢውን ዙሪያውን አየ። «ምንም።»

«በምንም አላዋውልም እንግዲህ» አለ ሀሚድ፣ የጠፋችውን ባጃጅ ባዘነበት ሐዘን ከልቡ እያዘነ።

ዑምኩልሱም እጇን ፈታች፤ ገመዱ መዳፏ ላይ መስመሩን ትቷል። ጊደሯን አጥሩ ላይ መልሳ አሰረችና ሻይ ይዛ መጣች። ለእንግዳው ሰጠች። ለባድሩ ስትሰጠው ጎንበስ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «አፉ ብዬሃለሁ» አለችው። «የጊደሯንም፣ የቁምሳጥኑንም።»

ባድሩ ሻዩ የፈጀው መስሎ ወደ ሌላ ዞረ። ሙስዓብ ቦርሳውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ጊደሯ ሄደ።

«ወተት የላችሁም እንዴ?» አለ ሀሚድ፣ ብርጭቆውን እያየ።

«ገና አልወለደችም፣ ጋሼ ሀሚድ» አለች ዑምኩልሱም። «ስትወልድ ይምጡ። ለእርስዎ በዱቤም ቢሆን እሰጣለሁ።»

ሀሚድ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ሊትሩ በስንት እንደሚሆን ጠየቀ።